«ኦፓሏ» ለምትባለው እህቴ

ደብዳቤው ሰባት ገጽ ነው። በእጅ ተጽፎ፣ በስልክ ፎቶ ተነስቶ የተላከ። አሳጥሬዋለሁ። የሆቴሉን ስምና ሰፈሩን አውጥቻለሁ። ኦፓል የሚባለው የከበረ ድንጋይ የሚወጣበትን የወሎ ወረዳ፣ ደላንታ የሚለውንም ላወጣው ነበር፤ ጸሐፊዋ ግን «እሱ ይኑር፣ ያለሱ ነገሩ አይገባም» አለችኝ።

«እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የ26 ዓመት ሴት ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ደላንታ ነው። ደሴ መጥቼ አካውንቲንግ ተማርኩ። አሁን አንድ ሆቴል ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ሆኜ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ። የመጀመሪያው ዓመት ሸጋ ነበር። ከዚያ አዲስ ሱፐርቫይዘር መጣ። በመጀመሪያው ሳምንት አነጋገሬን እየቀዳ ሠራተኛውን አሳቀ። ከደላንታ መምጣቴን ሲሰማ ‹ኦፓሏ› አለኝ። ደስ የሚል ስም ይመስላል፤ ‹ገና ያልተሞረደች› ብሎ ይጨምርበታል። አሁን አስተናጋጁም፣ ኩሽናውም፣ አንዳንድ ደንበኛም በዚያ ነው የሚጠራኝ። ሒሳብ ሲጎድል ከኪሴ ያስከፍለኛል፤ ደረሰኝ የለም። ሲተርፍ እሱ ይወስደዋል። አንድ ቀን ተሳስቼ የቆረጥኩትን ደረሰኝ ፎቶ አንስቶ የሠራተኛው ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፈው። ሁሉም የሳቅ ምልክት አደረጉበት። ‹ለምን?› ብዬ ስጠይቀው ዘጠኝ ቀን ሙሉ በተከታታይ ማታ መደበኝ። ለጓደኞቼ ስነግር ‹አታካብጂ› ይሉኛል። እናቴ ‹ቻይው ልጄ፣ እንጀራ ነው› ትላለች። አጎቴ ሽማግሌ ይዘው ሊመጡ ተነስተዋል። ማታ ማታም ይደውላል፣ ባለፈው ሳምንት ‹ብትስማሚኝ ሽፍትሽ ይስተካከል ነበር› ብሎኛል። እኔ ግን ደክሞኛል። ልልቀቅ ወይስ አጎቴ ይምጡ? ባለቤቱ ጥሩ ሰው ናቸው። ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ብቅ ይላሉ። ምንም የሚያውቁት ነገር የለም።»

እህቴ፣ አብሽሪ።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የነቃሁት በሁለተኛው ነው። ስለ ቅጽል ስሙ ሁለት ገጽ ጽፈሻል። ስለ ገንዘቡ ሁለት ገጽ። ስለ ቴሌግራሙ አንድ ገጽ ተኩል። ስለ ማታው ስልክ ግን አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው። እሱንም ከ«ደክሞኛል» በፊት ሸጎጥ አድርገሽዋል። ወደዚያች መስመር እመለሳለሁ።

በቅድሚያ «አታካብጂ» ለሚሉሽ። ቁጡ አለቃ ሁሉ በዳይ አይደለም። ወጥ ሲያር ኩሽናውን በጩኸት የሚያናውጥ ሼፍ አውቃለሁ። ሁሉም ላይ ይጮሃል፤ የሚጮኸውም ስለ ወጡ ነው። ወጡ ሲስተካከል ይረሳዋል፤ ማታ አብሮ ቡና ይጠጣል። አርፍደሽ መጥተሽ «ለምን አረፈድሽ?» ብትባዪም ያ የሥራ ተግሣጽ ነው። ይሄን የምለው አንዳንድ ደብዳቤ ጸሐፊዎች ሁለቱን ስለሚደባልቁብኝ ነው። የአንቺው ሌላ ነው። ሰውየው አንድ ሰው መርጧል። የሚናገረው ስለ ሥራሽ ሳይሆን ስለ አፍሽና ስለ አገርሽ ነው። ተመልካች ሲያገኝ ይብስበታል። ስትጠይቂው ደግሞ በሽፍት ቀጣሽ። ሙድ መያዝ ብቻ ቢሆን ስትከፊ ይተው ነበር። ጥምድ አድርጎ ነው የያዘሽ። አላካበድሽም።

(የደላንታ ኦፓል ቀለሙ ከመሬት ሲወጣም ውስጡ ነው። ሞራጁ አያመጣውም። ይህን ለሱ መንገር አያስፈልግሽም። እኔን ደስ ስላለኝ ነው የጻፍኩት።)

አንድ ነገር ልናዘዝ። ከብዙ ዓመት በፊት እዚሁ ደሴ አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። በጽሕፈት መኪና ዘመን። ከወረባቦ የመጣ፣ ሲናገር ትንሽ ያዝ የሚያደርገው ልጅ መዝገብ ቤት ተቀጠረ። ኃላፊያችን በየሻይ ሰዓቱ እሱን እየመሰለ ያወራ ነበር። እኔም እስቅ ነበር። መሳቅ ብቻ አይደለም፤ «እስቲ ድገመው» ያልኩበት ቀን አለ። ልጁን ጠልቼው አይደለም። እሱ ላይ እስካለ ድረስ እኔ ላይ አይመጣም ብዬ ነው። ይህን ለራሴ ያመንኩት ቆይቼ ነው። ግሩፑ ላይ የሳቁት ባልደረቦችሽም አብዛኞቹ እንደኔ ይመስሉኛል።

ያንን ነገር ያስቆመው ትልቅ ሹም አልነበረም። ሻይ የሚያፈሉልን እናት ናቸው። አንድ ቀን ማንቆርቆሪያውን እንደያዙ ቆሙና «ልጄ፣ ምኑ ነው የሚያስቀው? ንገረኝና አብሬ ልሳቅ» አሉት። አልተቆጡም። ከልባቸው እንደሚጠይቅ ሰው ነው ያሉት። ኃላፊው ሊያስረዳ ሞከረ። ሲያስረዳው የሚያስቅ ነገር አጣበት። ሁላችንም ብርጭቆ ብርጭቆአችንን አየን። ከዚያ ወዲህ ጨርሶ አልተወም፤ ግን ተመልካቹ ቀነሰበት።

አንቺም ሞክሪው። «ያልተሞረደች ማለት ምን ማለት ነው? አልገባኝም» በይው። ሳትስቂ፣ ሳትቆጪ። ከዚያ ዝም ብለሽ መልሱን ጠብቂ። አስተናጋጆቹን ደግሞ አንድ በአንድ፣ ብቻቸውን ስታገኚያቸው «በስሜ ጥሩኝ» በያቸው። በቡድን ስትነግሪያቸው ይስቃሉ። ብቻውን የተያዘ ሰው ያፍራል።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ደብተር ግዢ። ትንሽ፣ ቦርሳ ውስጥ የምትገባ። ሆቴሉ ውስጥ አታሳድሪው፣ የካዝናው መሳቢያ ውስጥማ በጭራሽ። እያንዳንዱን ነገር በዕለቱ ጻፊ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ቃሉን እንዳለ፣ ማን እንደሰማ። ለምሳሌ «ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ20፣ ካዝናው ጋ። ‹ያልተሞረደች፣ መልስ መቁጠር ገና ትማሪያለሽ› አለ። ስድስት ቁጥር ጠረጴዛ ላይ የነበሩ ሁለት ደንበኞችና አንድ አስተናጋጅ ሰምተዋል።» በቃ። «በጣም አዋረደኝ፣ አለቀስኩ» የሚለውን ሌላ ገጽ ላይ ጻፊው። እሱም እውነት ነው፤ ግን ሌላ ሰው ሲያነበው የሚይዘው ቀኑንና ቃሉን ነው። የቴሌግራሙን ልጥፍ ሳይጠፋ ስክሪንሾት አንሺው፤ የሳቁት ሰዎች ስም ጭምር እንዲታይ። የማታ ጥሪዎቹ ስልክሽ ላይ ተመዝግበው ይሆናል፤ እነሱንም ፎቶ አንሺ። ሁሉንም ለምታምኛት እህት ወይም ጓደኛ ላኪላት። ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራል።

ስለ ገንዘቡ። ከዛሬ ጀምሮ ያለ ወረቀት ሳንቲም እንዳትከፍዪ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚባል ሕግ አለ። የግል ሆቴል ሠራተኛ ስለሆንሽ የአንቺ ሕግ እሱ ነው። በዚያ ሕግ አሠሪ ከደመወዝ ላይ እንዳሻው አይቆርጥም። ወይ ሕግ፣ ወይ የኅብረት ስምምነት፣ ወይ የሥራ ደንብ፣ ወይ የፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ ወይ የአንቺ የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልገዋል። ሲቆርጥም በወር ከደመወዙ አንድ ሦስተኛ አያልፍም። የሱ ዘዴ ደመወዝሽን ሳይነካ ከኪስሽ ማውጣት ነው። ያንን የሚዘጋው ርክክብ ነው። ሽፍት ስትቀያየሩ ከምትረከብሽ ካሸር ጋር አብራችሁ ቁጠሩ፤ የጎደለውንም የተረፈውንም ጻፉ፤ ሁለታችሁም ፈርሙ። «ከዚህ በፊት እንዲህ አልነበረም» ቢልሽ «እንዳልሳሳት ብዬ ነው» በይ። ለሂሳብ ሠራተኛ ይህ የሚያስነቅፍ ነገር አይደለም።

እግረ መንገዴን ስለ ባልደረቦችሽ። ምስክር ሁኑልኝ ብለሽ አትጠይቂያቸው። ይፈራሉ። እነሱም ቤት ኪራይ አለባቸው። ከመካከላቸው ያልሳቀውን ፈልጊ። ሁሌም አንድ አለ። እሱን ትንሽ ነገር ብቻ ጠይቂው፤ ርክክብ ላይ አጠገብሽ እንዲቆም፣ ወይም ማታ ስትወጪ እስከ ታክሲው እንዲሸኝሽ። ጀግንነት የጠየቁት ሰው ይሸሻል፣ ፊርማ የጠየቁት ግን ይፈርማል።

አሁን ያቺ መስመር።

«ብትስማሚኝ ሽፍትሽ ይስተካከል ነበር።» እህቴ፣ ይህ ከ«ኦፓሏ» ጋር አንድ መደዳ የሚጻፍ ነገር አይደለም። ከሥራ ሰዓት ውጭ እየደወለ፣ በእጁ ያለውን ሥልጣን መደራደሪያ አድርጎ የሚናገር ሰው ምን እየጠየቀ እንደሆነ አንቺም እኔም እናውቃለን። በመካከል የደበቅሽው ስላፈርሽ ይመስለኛል። ማፈር የነበረበት እሱ ነው። ሕጉ ስም አውጥቶለታል፤ ወሲባዊ ትንኮሳ ይባላል። አሠሪ ወይም የሥራ መሪ በሥራ ቦታ ይህን ማድረጉ ሕገወጥ ነው። በዚህ ምክንያት ሥራ የለቀቀ ሠራተኛ ማስጠንቀቂያ መስጠት አይጠበቅበትም። ከሥራ ስንብት ክፍያው ሌላ የ90 ቀን ደመወዝ ካሳ ይገባዋል። ሰብዓዊ ክብሩን በሚነካ ሌላ ድርጊት የለቀቀ ደግሞ የ30 ቀን።

ግን ሁለት ነገር ልብ በይ። አንደኛው ጊዜ ነው። ያለ ማስጠንቀቂያ የመልቀቅ መብት ድርጊቱ ከተፈጸመ ወይም ካበቃ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተጠቀምሽበት ያልፋል። ባለፈው ሳምንት ነው ያልሽው፤ ቀኑን አሁኑኑ ቁጠሪ። ምክንያቱንና ቀኑን ጠቅሰሽ በጽሑፍ ማሳወቅም አለብሽ። ሁለተኛው፣ ሕጉ የሥራ መሪ የሚለው መቅጠር፣ ማዘዋወር፣ ማሰናበትን የመሰለ ሥልጣን ያለውን ነው። ያንቺ ሱፐርቫይዘር እዚያ ውስጥ ይገባል አይገባም የሚለው ሊያከራክር ይችላል። ስለዚህ ባለቤቱ በጽሑፍ እንዲያውቁ ማድረግ ከሁሉ ይቀድማል። ካወቁ በኋላ ዝም ካሉ ነገሩ የሱ ብቻ መሆኑ ይቀራል።

ለሰውየው አንድ መልእክት ላኪለት። አንድ ብቻ። «ከሥራ ውጭ ለሆነ ጉዳይ እንዳይደውሉልኝ። ባለፈው ሳምንት የተናገሩትን አልተቀበልኩትም፣ እንዳይደገም።» አንተ እንዳትዪው፤ እርስዎ በይው። ርቀቱን ቃሉ ራሱ ይጠብቅልሻል። ቢመልስልሽ አትመልሺ፤ መልሱን ግን አታጥፊው። እጁን ከሰነዘረ ወይም ካስፈራራሽ ደብተር አያስፈልግም፤ ያኔውኑ ፖሊስ ጣቢያ ሂጂ።

ወደ አጎትሽ ልምጣ። ሽማግሌ አልንቅም። ወሎ ውስጥ ያደገ ሰው ሽምግልናን እንዴት ይንቃል? ደም የተቃባ ቤተሰብ አባጋር በሚባሉ አስታራቂ ሽማግሌዎች ሲታረቅ የኖረበት አገር ነው። ግን የኛን ሽምግልና ልብ ብለሽ ከሆነ፣ እርቅ የሚመጣው ጥፋቱ ከተነገረ በኋላ ነው። በዳይ «አዎ፣ አድርጌያለሁ» ይላል፤ ይክሳል፤ ከዚያ ዱዓ ይደረጋል። ዛሬ ዛሬ በየሥራ ቦታው የሚደረገው ግን ከመጨረሻው ይጀምራል። ሁለቱን ፊት ለፊት ያስቀምጡና «እናንተ ወንድምና እህት ናችሁ፣ ተሳሳሙ» ይላሉ። ጥፋቱ ስሙ ሳይጠራ ቡናው ይፈላል። በነጋታው ሰውየው ወደ ሽፍት ድልድሉ ይመለሳል፤ አንቺም «ታርቀሻል» ስለተባልሽ አፍሽ ተይዟል። የወሎ ሰው ገራገር ነው ይባላል። ገራገርነታችንን እንዲህ ላለ ሰው መሸሸጊያ ስናደርገው ግን ያናድደኛል።

ስለዚህ አጎትሽ ይምጡ፤ ግን በሦስት ቅድመ ሁኔታ። ወደ ሱፐርቫይዘሩ ሳይሆን ወደ ባለቤቱ ይሂዱ። ከደብዳቤሽ በኋላ እንጂ በፊት አይሁን። የስልኩን ነገር ደግሞ ለእርቅ አያቅርቡት። ስለሱ ከሰውየው ጋር ፊት ለፊት የምትቀመጪበት ምክንያት የለም። ለአጎትሽ ዝርዝሩን ለመንገር ካፈርሽ እናትሽ ይንገሯቸው፤ ወይም «ለሴት ልጅ የማይባል ነገር ብሎኛል» በይ፤ ይገባቸዋል።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። እንዲህ፦

«ለሆቴሉ ባለቤት። በገንዘብ ተቀባይነት የማገለግል ሠራተኛ ነኝ። የቅርብ ኃላፊዬ በሠራተኛና በደንበኛ ፊት በቅጽል ስም እየጠራ ያዋርደኛል። የካዝና ጉድለት ያለ ደረሰኝ ከኪሴ አስከፍሎኛል። በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት ደውሎ ‹ብትስማሚኝ ሽፍትሽ ይስተካከል ነበር› ብሎኛል። ዝርዝሩን ከቀንና ከሰዓት ጋር አያይዣለሁ። ድርጊቱ እንዲቆም፣ ሽፍቴን ሌላ ሰው እንዲመድብ፣ የከፈልኩት እንዲመለስልኝና መልሱ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ።»

ሁለት ቅጂ አዘጋጂ። አንዱን ስጪ፤ ሁለተኛው ላይ «ደርሶኛል» ተብሎ ይፈረምልሽ ወይም ማኅተም ይደረግልሽ። አንፈርምም ካሉ ፖስታ ቤት ሄደሽ በአደራ ደብዳቤ ላኪው፤ የፖስታ ቤቱን ደረሰኝ ያዢ። ለባለቤቱ ስትሰጪ ብዙ አታውሪ። «አንብበው ይጥሩኝ» ብለሽ ውጪ።

ልልቀቅ ወይ ብለሽኛል። በንዴት አትልቀቂ። ከሥራ ብቻ ብድግ ብለሽ እንዳትቀሪ። በስድስት ወር ውስጥ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠሽ በድምሩ አምስት ቀን ያለ በቂ ምክንያት ከቀረሽ፣ ሕጉ ራሱ ያለ ማስጠንቀቂያ ለማሰናበት በር ይከፍትላቸዋል። ያኔ ተበዳይ መሆንሽ ይረሳና «ሥራዋን ጥላ የሄደች» ትሆኛለሽ። ስንቱ እንደዚያ ሆኖ ቀርቷል! ባለቤቱ መልስ ካልሰጡ ከተማው ውስጥ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ የሚያየው የሥራና ሥልጠና መሥሪያ ቤት አለ። ተቆጣጣሪ አላቸው፤ ደብተርሽንና የተፈረመበትን ቅጂ ይዘሽ ሂጂ። ከዚያ ካለፈ ፍርድ ቤት ነው። ሠራተኛ ለሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። ካሰናበቱሽና ወደ ሥራ ልመለስ ካልሽ ሦስት ወር፣ ክፍያ ከጠየቅሽ ስድስት ወር ነው ያለሽ። እስከዚያው ሌላ ሥራ በጎን ፈልጊ፤ ይህ ሽንፈት አይደለም። የሥራ ልምድ ወረቀትም ከአሁኑ ጠይቂ። ሥራ ላይ እያለሽም ስትጠይቂ በነጻ የመስጠት ግዴታ አለባቸው።

ስለ እናትሽ። «ቻይው» ሲሉ በደሉን ወደውት አይደለም። በ2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ስንት የሥራ ቦታ እንደተዘረፈ፣ ስንት ሰው ባዶ እጁን እንደቀረ አይተዋል። ሥራ ሲባል የሚታያቸው እሱ ነው። «እየቻልኩ ነው እማዬ፣ ግን እየጻፍኩ ነው» በያቸው። ደብተሩን አሳዪኝ ቢሉ አሳዪያቸው። ማንበብ ባይችሉም እንኳ ገጹ መሙላቱን ያያሉ።

እንቅልፍሽን በተመለከተ ዘጠኝ ሌሊት ማንንም ያደቃል። የደከመሽ ስለዚያም ነው። እረፍት ባለሽ ቀን ስልክሽን አጥፍተሽ ተኚ። ትልቅ ውሳኔ ከሌሊት ሽፍት በወጣሽበት ጠዋት አትወስኚ።

ደብዳቤውን እስከ ሐሙስ ጨርሺው። የከበደሽ ዓረፍተ ነገር ካለ ላኪልኝ፣ አብረን እናስተካክለዋለን። ባለቤቱ ዓርብ ከጁምዓ ሲመለሱ አንቺው በእጅሽ ስጫቸው። አጎትሽን ግን እስከዚያ ያዢልኝ።